ፀሐይ ሳትቀድምሽ ወጥመዱ ጋ ድረሺ

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከአጥኚዎች ጋር ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ታጁራ ባሕር ዳርቻ ልሄድ ነው። ትንንሽ የዱር አጥቢዎችን በወጥመድ እንይዛለን። በዚያ ሙቀት አይሞቱብኝም? ፎቶ ማንሳት ብቻስ አይበቃም? እርስዎ ምን ይመክሩኛል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ልጄ፣ ለነፍሳቸው መሳሳትሽ ደስ ብሎኛል። ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት እንደሚያዝ ነው።

ፎቶ አንዳንዴ ይበቃል። የበረሃ አይጦች ግን በመልክ ስለሚመሳሰሉ ክብደት፣ የኋላ እግርና የጅራት ርዝመት፣ ከጆሮ ጫፍም ለዲኤንኤ ቅንጣት ናሙና ያስፈልጋል። እዚያው ጅቡቲ የሆነውን ተመልከቺ። የሶማሊያ ሴንጊ፣ አይጥ የሚያህል ረጅም አፍንጫ ያለው፣ በዝምድና ግን ከአይጥ ይልቅ ለዝሆን የሚቀርብ እንስሳ፣ ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሳይንስ አልተመዘገበም ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን ያውቁት ነበር። በ2019 አጥኚዎች እነሱን ጠይቀው በ12 ቦታዎች ከ1,000 በላይ ወጥመዶች ዘረጉ፤ በለውዝ ቅቤ፣ በአጃና በእርሾ አባበሉት። ገና በመጀመሪያው ወጥመድ ገባ! ዲኤንኤው ሲመረመርም በ2020 አዲስ የወገን (ጂነስ፣ የቅርብ ዘመዳሞች ዝርያዎች ምድብ) ስም ተሰጠው። ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋትሽ በፊት እረኞቹን ጠይቂ።

ሞትን በተመለከተ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ወጥመዱ ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ሳጥን ነው፤ ፀሐይ ስትመታው ምጣድ ይሆናል። ሲመሽ ክፈቺው፣ ጎህ ሲቀድ ተነሥተሽ ሁሉንም እይ፣ ቀን ዝጊው። በድንጋይ ጥግ ወይም በቁጥቋጦ ሥር አድርጊው። ጉንዳን ካለበት ቦታ አርቂው፤ የታሰረን እንስሳ ይበላል። ውስጡ ትንሽ ጥጥ ጨምሪ፣ የበረሃ ሌሊት ይበርዳል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ቁጥሩን ነው። እያንዳንዱን ወጥመድ ቁጥር ስጪው፣ አጠገቡ ባለ ቀለም ጨርቅ እሰሪ፣ ማታ የዘረጋሽውን በደብተር ጻፊ። ጠዋት አንድ ከጎደለ ቁርስ አይቀመስም፤ እስኪገኝ ይፈለጋል። የቡድኑ መሪ «እንሂድ» ቢልሽ እንኳ እንቢ በይ።

የያዝሽውን በጨርቅ ከረጢት ውስጥ መዝኚ፣ የከረጢቱን ክብደት ቀንሺ፣ ጓንትና ጭንብል አድርጊ። ስትጨርሺ ካምፑ ጋ አትልቀቂው፤ ጉድጓዱን እንዲያገኝ ወደ ተያዘበት ቦታ መልሺው።