መልስ፦ «ኩዊክ» በእንግሊዝኛው ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ምን ማለት ነው?

ሰላም ወንድሜ። በእንግሊዝኛው የሐዋርያት የሃይማኖት መግለጫ ጌታ «በኩዊኮችና በሙታን» ሊፈርድ ይመጣል የሚለው ፈጣኖችን ነው ወይ ብለሃል። አይደለም፤ ሕያዋንን ነው። እኛም «በሕያዋንና በሙታን» የምንለው ይህንኑ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ «ሕይወት ያለው» ማለት ነበር። ሕያው ነገር ይንቀሳቀሳልና ውሎ አድሮ «ፈጣን» የሚለው ፍች አየለና የድሮውን ዋጠው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አሮጌውን ፍች ይዟል። ብዙ ሰው የሚስተው ዘኍልቍ 16፥30 ላይ ነው፤ እነቆሬ «ኩዊክ» ሆነው ወደ ጉድጓድ ይወርዳሉ ይላል። «ቶሎ» ብለህ ብታነበውም ስሜት ይሰጣል፤ ጣጣው እሱ ነው! የተፈለገው ግን «ከነሕይወታቸው» ነው።

ዛሬ የድሮው ፍች የቀረው እዚህም እዚያም ነው። ፈሳሹ ብረት ሜርኩሪ «ኩዊክሲልቨር» የተባለው እንደ ሕያው ነገር ስለሚሯሯጥ ነው። ከጥፍር ሥር ያለው፣ ሲነካ ነፍስ የሚያወጣው ሥጋም እስካሁን «ኩዊክ» ይባላል። በራስህ ጽሑፍ ግን ለ«ሕያው» አትጠቀምበት። «አያቴ ኩዊክ ናቸው» ብትል አንባቢው ሯጭ ናቸው ብሎ ያስባል።