የሸተተውን የኮምፖስት ሻይ ቲማቲምሽን አታጠጪው

እህቴ፣ «የኮምፖስት ሻይ ከዘፈዘፍኩ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ አረፋ አለው፣ ትንሽም ይሸታል፣ ቲማቲሜን ላጠጣው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ እንዳታጠጪው። እኔ አጠጥቼ 60 ችግኝ በአንድ ሳምንት አጥቻለሁ። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ለማያውቅ አንባቢ፦ የኮምፖስት ሻይ ማለት ኮምፖስት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ አየር እየነፋን ለአፈር የሚጠቅሙ ጥቃቅን ተሕዋስያንን የምናራባበት ውሃ ነው።

አዳማ ከሆንሽ ችግርሽ የኔው ነው፦ ሙቀትና ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ጣፋጭ ፈሳሽ)።

1. ውሃው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን ጥሩውን ተሕዋስ ከመጥፎው ሳይለይ ይገድላል። ባልዲውን ሳትከድኚ አንድ ቀን አቆዪው። ይሄን ሳታውቂው አትቀሪም፣ አልፈዋለሁ።

2. ሞላሰሱ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አጠገባችን ስለሆነ ከብት የሚያደልብ ጎረቤቴ ሞላሰስ አያጣም። አንድ ጆግ ሰጠኝ። ለ20 ሊትር ባልዲ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃ ነበር። እኔ ግን «ምግብ ከበዛላቸው ይራባሉ» ብዬ ግማሹን ጆግ ገለበጥኩት። መራባቱንስ ተራቡ። ባክቴሪያ ሲመቸው አንዳንዱ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ግን ሁሉም ይተነፍሳል። ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨረሱት። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል የሚይዘው በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ይሄም በባሕር ወለል ላይ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚህም ያንሳል። ወሩ ግንቦት ነበር፣ ባልዲዬም ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር።

በዚህ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ጠፋ። ለዓሣ ማርቢያ የሚሸጠው ትንሹ የአየር ፓምፕ ቆመ። ጠዋት ስነሳ ሻዩ ላይ ግራጫ ስልባቦት ተኝቶበታል። አፈር አፈር መሽተት ሲገባው የከረመ ሊጥና የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ባለቤቴ ከማድቤት ወጥታ «ይሄን ነገር ድፋው» አለችኝ። አልሰማኋትም። ሁለት ቀን የለፋሁበትን እንዴት ልድፋው?

ቲማቲሙን ባጠጣሁ በሦስተኛው ቀን የታች ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። አንዱን ነቅዬ አየሁት። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኗል። በጣቴ ሳብ ሳደርገው ልጣጩ እንደ ካልሲ ወለቀና ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። አየር ያጣ ሻይ ውስጥ አሲድና አልኮል ይፈጠራል፣ ለጋ ሥር አይችለውም። ያኔ ግን ይሄን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ችግኙን በፌስታል ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ፌስታሉን እንኳን አልከፈተውም። ስልኩን እየነካካ «ሰኞ ተመለስ» አለኝ። ሰኞ ስሄድ «የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው»። በሦስተኛው «ሻይ የሚጠጣው ሰው ነው እንጂ ቲማቲም አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። ለመማር የሄደን ሰው እንዲህ ማድረግ ነውር ነው፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከዚያ አንድ ሱቅ የፈንገስ መድኃኒት ሸጠልኝ። ረጨሁት። ላራባው የለፋሁትን ጠቃሚ ፈንገስ በገዛ ገንዘቤ ገደልኩት ማለት ነው።

3. ኮምፖስቱ። ባልዲው አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ ኮምፖስቱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያራባው። ሞላሰስ በብዛት የሚጠቅመው ደግሞ ባክቴሪያን ነው። ፈንገሱም፣ ባክቴሪያ የሚበሉት ፕሮቶዞዋና (ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት) ኔማቶዶችም (በዓይን የማይታዩ ትሎች) እንዲኖሩ ከፈለግሽ ክምርሽ የተለያየ ነገር ይብላ። እኔ እበት፣ ጭድ፣ የቡና አተላና የጎመን ግንድ እደራርባለሁ። ክምሩ ግሎ ከበረደ በኋላ ካረጀ ግራር ሥር አንድ እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል እጨምርበታለሁ። ገለጥ ስታደርጊው ነጫጭ ክር ካየሽ እሱን ነው የምትፈልጊው። ክምሩ 55 ዲግሪ ደርሶ ቀናት መቆየት አለበት፣ አለበለዚያ የእበቱ ጀርም አይሞትም። ፌሮ እሰካበታለሁ፤ ስመዘው እጄ ላይ ማቆየት ካቃተኝ ግሏል።

አሁን አንድ ኪሎ ኮምፖስት በሻሽ ቋጥሬ ጥላ ውስጥ ያለ ባልዲ ውስጥ አንጠለጥላለሁ። ማታ 12 ሰዓት ጀምሬ በማግስቱ ማታ 12 ሰዓት አወጣዋለሁ። ወዲያው አጠጣለሁ፣ አይቀመጥም። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ አየር እንዲያገኝ በሁለት ባልዲ አገላብጣለሁ። ዘንድሮ ቃሪያዬን አይተው ሦስት ጎረቤቶቼ ጀምረዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰላጣ ቅጠል ላይ አትርጪው። በጥሬው ስለሚበላ ኢ-ኮላይ (ከእበት የሚመጣ፣ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) ካለበት በቀጥታ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው። ሥሩ አካባቢ፣ አፈሩን ብቻ።

ያሁኑን ባልዲሽን ኮምፖስት ክምር ላይ ድፊው። የፓምፑን ቱቦ በሳሙና እሺው፤ ውስጡ የሚጣበቀው ዝልግልግ ነገር የሚቀጥለውንም ያበላሻል። ክምር ከሌለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የኔ ደርሷል፣ ግማሽ ጆንያ እሰጥሻለሁ።