«የሞኔ የቬኒስ ሥዕል»፦ ስንት «የ» ይበቃል?

ጥያቄ፦ ለአንድ ሥዕል መግለጫ «የፈረንሳዊው ሠዓሊ የክሎድ ሞኔ የቬኒስ የዘይት ቀለም ሥዕል» ብዬ ጻፍሁ። አርታኢው «የ» በዛ ብሎ «የፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ቬኒስ ዘይት ቀለም ሥዕል» አደረገው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ የአርታኢው ጆሮ አልተሳሳተም፤ መቀሱ ግን ያለቦታው ገብቷል። አማርኛ «የ»ን የሚጥለው አንዱ አያያዥ በሌላው ውስጥ ሲገባ ነው። «የቬኒስ ቦይ ሥዕል» ስንል ቦዩ የቬኒስ፣ ሥዕሉ የቦዩ ነውና አንዱ «የ» ለሁለቱም ይበቃል። «የዘይት ቀለም ሥዕል»ም እንዲሁ። ሞኔና ቬኒስ ግን አንዱ የሣለው ሰው፣ ሌላዋ የተሣለችው ከተማ ስለሆኑ እየራሳቸው ነው ከ«ሥዕል» ጋር የሚያያዙት። «የሞኔ ቬኒስ ሥዕል» ካልን ከተማይቱን ለሞኔ መረቅንለት ማለት ነው። «የሠዓሊው የክሎድ ሞኔ» ላይ የ«የ» መደገም እንደ «የጓደኛዬ የአበበ ቤት» ነው፤ ነውር የለበትም።

የእርስዎ አጻጻፍ ግን ከ«የ» ብዛት የባሰ ችግር አለበት። «የሞኔ ሥዕል» ሞኔ የሣለው ነው፣ ሞኔ የተሣለበት ነው ወይስ የሞኔ ንብረት? ወዳጁ ሬኗር እ.ኤ.አ. በ1875 የሞኔን መልክ ሥሏል፤ እሱም «የሞኔ ሥዕል» ይባላል። ከዚህ የሚያወጣን ግሥ ነው።

ግሡም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። «በቬኒስ የሣለው» ወይስ «ቬኒስን የሣለበት»? ሞኔ ወደ ቬኒስ የሄደው በ1908 መኸር ነው። የታላቁን ቦይ ውሃ፣ ከፊት የተተከሉትን የጀልባ ማሰሪያ ግንዶች፣ ከኋላ በጭጋግ የደበዘዘውን የሳንታ ማሪያ ዴላ ሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት እዚያው ሸራው ላይ ጀመረ። ሥራዎቹን ግን ዢቬርኒ ቤቱ ተመልሶም ሲነካካቸው ቆይቶ ነው በ1912 ፓሪስ ላይ ለዕይታ ያቀረባቸው። ስለዚህ «በቬኒስ የሣለው» ግማሽ እውነት ነው። እኔ ብሆን «ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ቬኒስን የሣለበት የዘይት ቀለም ሥዕል» እል ነበር። ቦታ ከጠበበ «ክሎድ ሞኔ፣ ቬኒስ፣ የዘይት ቀለም» ብለው በነጠላ ሰረዝ ይለያዩት።

ፊደሉንም አደራ፤ «ሣለ» በንጉሡ «ሠ» ነው። በ«ሰ» ጽፈው «ን»ን ከረሱ «ሞኔ ቬኒስ ሳለ» ይሆንና አንባቢው ሞኔ ቬኒስ በነበረበት ጊዜ ምን እንደተፈጠረ መጠበቅ ይጀምራል።