ግሡ የት ነው ያለው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዓረፍተ ነገር አቀማመጥ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። ሰፊ መልስ የሚፈልገው ላይ ሰፋ ብያለሁ፣ ቶሎ የሚያልቀውንም ቶሎ ጨርሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሽቱትጋርት ነው ያለሁት፣ ነርሲንግ እየተማርኩ ነው። ጀርመንኛ ቢ2 ጨርሻለሁ፣ የዓረፍተ ነገሩ ነገር ግን አሁንም ያምታታኛል። አንዴ ግሡ ሁለተኛ ቦታ ነው ይሉናል፣ አንዴ መጨረሻ ነው ይሉናል፣ አንዴ ደግሞ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ መሐል ግማሹ መጨረሻ ይሆናል። አስተማሪያችን «የአገራችሁን ቋንቋ እርሱት» ትላለች። አማርኛን እንዴት አድርጌ ነው የምረሳው?

መልስ፦ አትርሺው እህቴ። እንዲያውም እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙዎቹ የሌላቸው ነገር አንቺ ጋ አለ።

ሥራ ላይ የምትሰሚያትን አንዲት ሐረግ እንውሰድ፦ ‹ቫይል ዴር ፓትሲየንት ፊበር ሃት›። አሁን በየተራ አስቀምጪያት። ‹ዴር ፓትሲየንት› ታካሚው፣ ‹ፊበር› ትኩሳት፣ ‹ሃት› አለው። ታካሚው ትኩሳት አለው። አንድም ቃል ቦታውን አልለቀቀም! የሚለየው ‹ቫይል› ብቻ ነው። ጀርመኖች ምክንያቱን ከፊት ያቆሙታል፣ እኛ ግሡ ላይ እንለጥፈዋለን፦ ታካሚው ትኩሳት ስላለው። ‹ዳስ› («እንደ» የሚለው)፣ ‹ቬን› («ሲ» ወይም «ከ…» የሚለው)፣ ‹ኦብ› («እንደሆነ» የሚለው) ላይም ያው ነው። ጥገኛ ሐረግ ውስጥ፣ ማለትም ብቻውን መቆም የማይችል ሐረግ ውስጥ፣ ስትገቢ ጀርመንኛ ግሡን እንደ አማርኛ መጨረሻ ያስቀምጣል። በእንግሊዝኛ የለመደ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይጨነቃል፣ ግሡን ቶሎ ካላገኘ ሐሳቡ ይበተንበታል። አንቺ ግን እስከ መጨረሻ ጠብቀሽ መስማት ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ታውቂበታለሽ።

አሁን ዋናው ዓረፍተ ነገር። ‹ኢኽ ሙስ ዴን አርትስት ሩፈን› በይ። ‹ኢኽ ሙስ› የሚለውን ለጊዜው በእጅሽ ሸፍኚው። የቀረው ‹ዴን አርትስት ሩፈን› ነው፣ ሐኪሙን መጥራት። እዚህም አቀማመጡ የኛው ነው። ‹ሙስ› ማለት «አለብኝ»፣ እሱ ብቻ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወጥቶ ሁለተኛ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ተቆረጠ ያልሽውም በዚሁ መንገድ ይፈታል። ስልክ መደወል ‹አንሩፈን› ነው፤ ‹ኢኽ ሩፈ ዴን አርትስት አን› ስትዪ የሚረባው፣ ማለትም እንደ ባለቤቱ የሚለዋወጠው ክፍል፣ ‹ሩፈ›፣ ወደ ሁለተኛው ቦታ ሄዶ ‹አን› ግን ሙሉው ግሥ የነበረበት መጨረሻው ቦታ ላይ ቀረች። ብዙ የሥነ ልሳን ምሁራን ጀርመንኛን በመሠረቱ ግሡ መጨረሻ ላይ የሚውል ቋንቋ ነው ብለው የሚተነትኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ቦታ የሚረባው ግሥ የሚዛወርበት ነው። ሁለተኛ ሲባል ደግሞ ሁለተኛ ቃል ማለት አይደለም። ከፊቱ አንድ ነገር ብቻ ይቀመጣል፤ «ዛሬ» ሊሆን ይችላል፣ «ባለፈው ሳምንት ከቀዶ ሕክምና የወጣው ታካሚ» የሚል ረጅም ነገርም ሊሆን ይችላል፣ ርዝመቱ ለውጥ የለውም። ‹ሆይተ› (ዛሬ) ብለሽ ከጀመርሽ ባለቤቱ ‹ኢኽ› ከግሡ ኋላ ይሄዳል፦ ‹ሆይተ ገሄ ኢኽ ናኽ ሃውዘ›፣ ዛሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ።

ስለዚህ ስትጽፊ እንዲህ ሞክሪው። ሐሳቡን በአማርኛ ቅደም ተከተል ደርድሪ፣ ከዚያ የሚረባውን ግሥ ብቻ ከመጨረሻ አንሥተሽ ሁለተኛ ቦታ ላይ አድርጊው። ጥገኛ ሐረግ ከሆነ ምንም አትንኪ። የስሙን ጾታ የሚያሳዩት ‹ዴር ዲ ዳስ› ላይ ግን አማርኛ አያግዝሽም፣ እሱን ከስሙ ጋር አብሮ በቃል መያዝ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ አፋን ኦሮሞ እየተማርኩ ነው። ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው ስላሉኝ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ግን ትልቅ ቤት ለማለት ‹መና ጉዳ› ይባላል፣ ቤት ትልቅ እንደማለት። ለምን ተገለበጠ?

መልስ፦ ግሡና ስሙ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፣ አንዱ ሌላውን አያስገድደውም። አፋን ኦሮሞ ዓረፍተ ነገሩን በግሥ ይዘጋል፣ የስም ሐረጉን ግን በስም ይከፍታል። መጀመሪያ ቤቱን ይጠራል፣ ከዚያ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ይናገራል። ‹ነሚቻ ከሌሳ ዹፌ› ሲሉም ያው ነው፦ ሰውዬው፣ ትናንት የመጣው። አማርኛ ገላጩን ሁሉ አስቀድሞ ስሙን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ደስ የሚለው ‹መና ኬሳ› ላይ ተመልሰን መገናኘታችን ነው፦ ቤት ውስጥ። እዚያ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ምክሬ፣ ቅጽሎችን ለብቻቸው አይሸምድዱ። ሁልጊዜ ከስም ጋር አጣምረው ጮክ ብለው ይበሏቸው፣ ጆሮዎ ቶሎ ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ የምማር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ አስጠኚ «ባለቤት፣ ግሥ፣ ተሳቢ የሚለው የእንግሊዝኛ አቀማመጥ ነው ትክክለኛው፣ ከአእምሮ አሠራር ጋር የሚሄደው እሱ ነው» አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ አትቀበለው። አባባሉ ራሱ አሮጌ ነው። በ1784 አንቷን ሪቫሮል የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ ባለቤት፣ ግሥ፣ ተሳቢ የሚለው የፈረንሳይኛ አቀማመጥ የተፈጥሮ አመክንዮ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዎች የዓለምን ቋንቋዎች መቁጠር ሲጀምሩ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በቋንቋዎች አቀማመጥ ላይ የተሠራ አንድ ትልቅ ቆጠራ ከ1,370 በላይ ቋንቋዎችን አይቶ ከ560 የሚበልጡት እንደ አማርኛ ተሳቢውን አስቀድመው በግሥ የሚዘጉ፣ ከ480 የሚበልጡት ደግሞ እንደ እንግሊዝኛ ግሡን መሐል የሚያደርጉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ቱርክኛ፣ ሂንዲ፣ ሁሉም ከኛ ወገን ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አእምሮ ተገልብጦ ነው የሚሠራው ልንል ነው?

አንድ ዓረፍተ ነገር በተለያየ ቋንቋ ላሳይህ። የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ቁጥር ነው። በግዕዝ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ይላል። ግሡ ቀደመ፣ ባለቤቱ ተከተለ፣ ተሳቢዎቹ መጨረሻ መጡ። ዕብራይስጡም ‹በረሺት ባራ ኤሎሂም› ብሎ ግሡን ከባለቤቱ በፊት ያደርጋል። በአማርኛ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ»፣ ግሡ ከሁሉም ኋላ። የሉተር ጀርመንኛ ደግሞ ‹አም አንፋንግ ሹፍ ጎት ሂመል ኡንድ ኤርደ› ነው፤ ‹ሹፍ› ፈጠረ ማለት ነው፣ ያው ለሽቱትጋርቷ እህታችን የነገርኳት ሁለተኛ ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። ሐሳቡ አንድ ነው፣ ማንም ከማንም ያነሰ አልተናገረም።

ግዕዝና አማርኛ ሁለቱም የሴም ቋንቋዎች፣ ዘመዳሞች ሆነው ለምን ተለያዩ ካልክ፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚሉት አማርኛ ከአገውኛና እንደ አፋን ኦሮሞ ግሡን መጨረሻ ከሚያደርጉ ሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ ስለኖረ ነው። ምልክቱ ዛሬም አፋችን ላይ አለ። ጆሴፍ ግሪንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1963 ሠላሳ ቋንቋዎችን አወዳድሮ፣ ግሣቸውን መጨረሻ የሚያደርጉ ቋንቋዎች እንደ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ሥር» ያሉትን ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ኋላ እንደሚያስቀምጡ፣ ግሣቸውን የሚያስቀድሙት ደግሞ ከስሙ ፊት እንደሚያደርጓቸው አሳየ። አማርኛስ? «ከሳጥኑ ውስጥ»። ሁለቱንም! «ከ» የሴሙ ውርስ ነው፣ ከፊት ቆመ፤ «ውስጥ» በአዲሱ አቀማመጥ ከኋላ መጣ። የድሮውን ቅደም ተከተል ሳይነካ ማየት ከፈለግህ ደግሞ «ቤተ መንግሥት»፣ «ቤተ መጻሕፍት» የሚሉትን ተመልከት። ቤቱ ቀድሟል፣ እንደ ግዕዝ። በአማርኛ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ «የመንግሥት ቤት» ነበር የምንለው።

ለአስጠኚህ በአክብሮት ይህን ንገረው።

ጥያቄ፦ እስራኤል፣ ነታንያ ነው የምኖረው። ካርባ ዓመቴ በኋላ ነው ኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት) ገብቼ ዕብራይስጥ የተማርኩት። ‹ኤት› የምትባለዋ ነገር እስከ ዛሬ ታስቸግረኛለች። አንዳንድ ቦታ አስገቢ ይሉኛል፣ አንዳንድ ቦታ አውጪ ይሉኛል። ልጆቼ ያርሙኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን እነሱም አያውቁትም።

መልስ፦ እናቴ፣ ሕጉን እርስዎ ራስዎ ያውቁታል። በአማርኛ ሲናገሩ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

‹ራኢቲ የለድ›፣ ልጅ አየሁ። ‹ራኢቲ ኤት ሀየለድ›፣ ልጁን አየሁ። ‹ራኢቲ ኤት ዳዊድ›፣ ዳዊትን አየሁ። ‹ኤት› የምትገባበት ቦታ እኛ «ን» የምንጨምርበት ነው። ማንነቱ የታወቀ ተሳቢ ሲሆን ይገባል፣ ያልታወቀ ሲሆን ይቀራል። ስለዚህ ሲጠራጠሩ ዓረፍተ ነገሩን በልብዎ በአማርኛ ይበሉት። «ን» ካለ ‹ኤት› ያስገቡ። ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣዎታል።

ጥያቄ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። «ማንን አየህ?» ‹ኤት ሚ ራኢታ?› ነው። «ምን አየህ?» ግን ‹ማ ራኢታ?› ነው፣ ያለ ‹ኤት›። እኛስ «ምንን አየህ» እንላለን? አንልም። ሰው ሲሆን ምልክት እናደርጋለን፣ ነገር ሲሆን እንተወዋለን። ዝምድናቸው ነው እንዳይሉ፣ ቱርክኛ ከሴም ቋንቋ ጋር አንዳችም ዝምድና የለውም፤ እሱም «ማንን አየህ»ን ‹ኪሚ ጎርዱን› ብሎ ምልክቱን ይለጥፋል፣ «ምን አየህ»ን ግን ‹ኔ ጎርዱን› ብሎ ባዶውን ይተወዋል። ስፓንኛም ‹አ ኪየን ቪስቴ› እና ‹ኬ ቪስቴ› ይላል፣ ‹አ› የምትገባው ሰው ላይ ነው። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ሰው አድራጊም ተደራጊም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ማን ማንን አየ የሚለው እንዳይምታታ ቋንቋው ምልክት ያደርጋል። ግድግዳ ሰውን አያይም፣ ምልክትም ብዙ አያስፈልገውም።

አንድ ልዩነት ልጨምር። እኛ «ልጁን አየሁት» ብለን ግሡ ላይም «ት» እንጨምራለን። ዕብራይስጥ ላይ ይህን አያድርጉ፣ ‹ኤት› ብቻዋን ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። የሰባት ዓመት ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም። ግን «እኔ እፈልጋለሁ ውሃ» ይለኛል። «ልጁ የመጣው ትናንት ጓደኛዬ ነው» ይላል። ባረምኩት ቁጥር ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ማረሙን ያቁሙ። ልጁ አልተበላሸም፣ ቃሉን ያውቃል፣ ግሡንም በትክክል አርብቶታል። «እፈልጋለሁ» ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት፣ እንግሊዛዊ አዋቂ ሰው ስንት ወር የሚለፋበት ነው። ያጠፋው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው።

ደግሞ እኛ ራሳችን ቤት ውስጥ ስንናገር እንዴት እንደሆነ ያዳምጡ። «በላህ ወይ ምሳህን?» «የት አለች እናትህ?» «መጣ እንዴ ሰውዬው?» በወሬ መሐል ግሡን አስቀድመን የቀረውን ከኋላ እንጨምራለን፣ ማንም ስሕተት ነው አይለንም። ልጁ ይህንን እየሰማ ነው ያደገው፣ እንግሊዝኛውም በላዩ ላይ ይገፋዋል። እናም «እፈልጋለሁ ውሃ» ሲልዎት «እንዲህ አይባልም» ከማለት «ውሃ ትፈልጋለህ? እሺ፣ ውሃ እሰጥሃለሁ» ብለው ትክክለኛውን መልሰው ያሰሙት። ሳያቋርጡት፣ ሳይቆጡት። ዋናው ብዙ መስማቱ ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ሥራ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ መጀመሪያ ልጁን ይጠራል፣ ከዚያ ስለ ልጁ ይናገራል። አማርኛ «ትናንት የመጣው» ብሎ ያቆይና ልጁን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ሐሳቡን እንዲያ ይዞ መቆየት ልምድ ነው፣ ልምዱ ደግሞ የሚገኘው ከረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የሚያድጉ ልጆች ከወላጆቻቸው የሚሰሙት አማርኛ ብዙ ጊዜ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ጫማህን አድርግ» ነው። ከትእዛዝ ውስጥ «ትናንት የመጣው ልጅ» አይገኝም።

ተረት ይንገሩት፣ አያቱ በስልክም ቢሆን ይንገሩት። መኪና ውስጥ ደግሞ ቃል እየጨመራችሁ ተጫወቱ። እርስዎ «ድመት» ይበሉ። እሱ «ጥቁር ድመት» ይበል። እርስዎ «የጎረቤታችን ጥቁር ድመት»፣ እሱ «አጥር ላይ የተኛችው የጎረቤታችን ጥቁር ድመት»። ሁሉም ነገር ከፊት ነው የሚጨመረው፣ ድመቷ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ያቃተው ይሸነፋል። እሱ ሲያሸንፍ ደግሞ ድመቷ ምን እንዳደረገች ይጠይቁት፣ «ወተቱን ጠጣችው» ብሎ ራሱ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል።