እርጥበት የማይወድ መስታወት

ጥያቄ፦ እህቴ ሻርጃ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ትሠራለች። የሌዘር መሣሪያቸው ፋይበር ተበላሽቶ ሲቀየር ዋጋው አስደነገጣት። «የኢንተርኔቱም ፋይበር መስታወት ነው፤ እሱን አትገጥሙበትም?» ብትለው ጠጋኙ «አይሆንም» ብቻ ብሏት ሄደ። ለምን አይሆንም? (የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ብሪታኒ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ይህንኑ የሌዘር ፋይበር ስስብ (የመስታወት ዘንግ አሙቄ እንደ ክር ሳቀጥን) ዓመታት ስለኖርኩ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል።

የእህትዎ መሣሪያ ኤርቢየም ሌዘር ከሆነ የብርሃኑ ሞገድ 2.94 ማይክሮሜትር ነው። የኢንተርኔቱ ፋይበር የሚሠራበት ሲሊካ ደግሞ ከ2 ማይክሮሜትር ትንሽ አለፍ ሲል ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። ሲሊካ የተሠራባቸው ሲሊከንና ኦክስጅን ቀላል አቶሞች ናቸው፣ ማሰሪያቸውም ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ፈጥነው ይርገበገባሉ፣ አጠር ያለውንም ሞገድ ይውጣሉ። ከባድ አቶም በላላ ማሰሪያ ሲያዝ ግን እንደ በገና ወፍራም ጅማት ዝግ ይላል፤ መዋጡም ወደ ረጅሙ ሞገድ ይሸሻል። በ1974 እ.ኤ.አ. ሬን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርሴልና ሚሼል ፑላን ከዣክ ሉካ ጋር ክሪስታል ሲፈልጉ ያገኙት የፍሎራይድ መስታወት እንዲህ ያለ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ዝብላን የዚርኮኒየም፣ የባሪየም፣ የላንታነም፣ የአሉሚኒየምና የሶዲየም ፍሎራይድ ድብልቅ ሲሆን እስከ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ያሳልፋል።

ውድ ያደረገው አሠራሩ ነው። ሲሊካ የሚሳበው 2000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ማር ቀስ እያለ ይወፍራል። ዝብላን ከ300 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይሳባል፤ ግን ውሃ መስሎ ቆይቶ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ይጠነክራል። ምድጃው ትንሽ ከሞቀ ክሪስታል ያበቅላል፤ ዓይኔ እያየ ጥርት ያለው ዘንግ ወተት የነካው ይመስላል። ያ ዘንግ አይድንም።

ከሁሉ የከፋው እርጥበት ነው። ዱቄቱን የምንመዝነውም የምናቀልጠውም ደረቅ ናይትሮጅን በተሞላ፣ ጓንት በተገጠመለት የታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ክረምት ከጓንቱ ጣት ላይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ነበር። የሳብነው ፋይበር እንከን የለሽ መሰለን፤ ስንለካው 2.9 ማይክሮሜትር ላይ ብርሃኑ ጠፋ። የሦስት ሳምንት ሥራ ጣልን፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌዘሩ ጥርስ የሚቆርጠውም ጥርስ ውስጥ ያለው ውሃ ይህንኑ ሞገድ አጥብቆ ስለሚውጥ ነው።

ለእህትዎ አደራ ይንገሩልኝ፦ ፋይበራቸው የፍሎራይድ ከሆነ ጫፉን ውሃ ይበላዋል። አፍ ውስጥ የሚገባው የሳፋየር (ጠንካራ ጥርት ያለ ክሪስታል) ጫፍ ሲነቀል የፋይበሩን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ እንዳትጠርገው፤ በክዳኑም ወዲያው ትክደነው።