መዝገብ ለሌለው አሳማ አርቢ ቀኑን በበዓል ጠይቀው

የሐዋሳ ትናንሽ አርቢዎች መዝገብ ካልያዙ የአሳማዎቻቸውን ምርታማነት በምን ልለካ ላልከው፣ በወሊድ ልዩነት ለካው። "በዓመት ስንቴ ትወልዳለች?" አትበል፤ አብዛኛው ሰው "ሁለቴ" ብሎ ይገላገልሃል።

1. የእያንዳንዷን እናት አሳማ የመጨረሻ ሁለት ወሊዶች ጠይቅ። "ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? በስንት ሳምንት?" እያልክ አስታውሳቸው። ፋሲካ ግን ቀኑ ስለሚለዋወጥ ዓመቱን አብረህ ጻፍ።

2. 365ን በመካከላቸው ላለው ቀን አካፍል።

3. ውጤቱን ጡት በጣሉት ግልገሎች አባዛ፤ በተወለዱት አይደለም። የሞቱትን ለብቻቸው ጠይቅ። እናቷ የተኛችባቸውን ብዙ ሰው ከቁጥር አያስገባቸውም።

በጥምቀት ወልዳ ቀጥሎ በመስቀል ከወለደች ልዩነቱ 251 ቀን ነው፤ በዓመት 1.45 ወሊድ። በአንድ ወሊድ 7 ካሳደገች በዓመት 10 ገደማ ይሆናል።

ማጣሪያም አለህ። እርግዝናው 114 ቀን አካባቢ ነው፣ ከመስቀል እስከ ጥምቀትም ልክ 114 ቀን ነው። በመስቀል ተጠቅታ በገና ወለደች ከተባልክ አንዱ ቀን ተሳስቷል፤ መልሰህ ጠይቅ።

አደራ፣ ከአንዱ ጉረኖ ወደ ሌላው በዚያው ጫማ አትግባ። መጠይቅ ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ ጫማቸውን ልብ የማይሉ ብዙ አይቻለሁ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በጫማ ላይ በተጣበቀ ፋንድያ ይተላለፋል፣ ፈውስም የለውም። ሦስት አሳማ ላለው ሰው ያ ማለት ንብረቱ ሁሉ ነው። መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ አስለቅቅ፣ ከዚያ በበረኪና እጠብ። ይህ ካልተመቸህ ከደጅ ቆመህ ጠይቅ።