ካሜራችሁን መድን ለምታስገቡ ወጣት ባለሙያዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ በካሜራ ሥራ ስኖር ከደረሱብኝ ኪሳራዎች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሐዋሳ ላይ የገጠመኝ ነው። የሰርግ ቀረጻ ጨርሰን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ምሳ ለመብላት መኪናውን ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ አቁመን ገባን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስንወጣ የኋላው መስታወት ተሰብሮ፣ ሁለት ካሜራ፣ ሦስት ሌንስና ሰርጉ የተቀረጸባቸው ሚሞሪ ካርዶች ከነቦርሳቸው ተወስደው ነበር። መድን ስለነበረኝ በመጀመሪያው ሰዓት ያን ያህል አልደነገጥኩም። ለፖሊስ አመልክቼ፣ አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ የከፈልኩበትን ደረሰኝ ይዤ ወደ መድን ሰጪው ስሄድ ግን ውሉ የሚሸፍነው በስቱዲዮዬ ውስጥ ያለውን ዕቃ፣ እሱንም በር ወይም መስኮት ተሰብሮ ሲሰረቅ ብቻ መሆኑን በትሕትና አሳዩኝ። አንቀጹ ከፊርማዬ በላይ በግልጽ ተጽፏል፤ አራት ዓመት ሙሉ ስከፍል አንድም ቀን አላነበብኩትም።

ካሜራዎቹን ከጊዜ በኋላ ተካኋቸው። የሰርጉን ምስል ግን የሚተካው አልነበረም። የተለመደው የዕቃ መድን ቢበዛ የባዶ ካርዱን ዋጋ እንጂ በውስጡ ያለውን አይከፍልም፤ እኔም ወደ ሙሽሮቹ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸበትን ካርድ ከካሜራው ቦርሳ ለይቼ በኪሴ እይዛለሁ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ስለዚህ ውል ስትፈርሙ በቅድሚያ የምትጠይቁት የአረቦኑን መጠን ሳይሆን ካሜራው የት ሳለ፣ በማን እጅ ሳለና በምን መንገድ ሲጠፋ ካሳ እንደሚከፈል ይሁን። የሰበራ ስርቆት መድን አረቦኑ ዝቅ ያለ ቢሆንም ዕቃውን ከአንድ ቦታ ጋር ያስረዋል፤ እንደ እኛ ከሰርግ ቤት ወደ መስክ፣ ከመስክ ወደ ሆቴል ለሚንከራተት ሰው የሚያስፈልገው ዕቃውን ተከትሎ የሚሄድ፣ ከማንኛውም አደጋ የሚጠብቅ የሚባለው ሽፋን ነው። ይህም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሰው ሳይጠብቀው በመኪና ውስጥ የተተወን ዕቃ ያስቀራልና መኪና፣ ሆቴልና ክፍለ ሀገር የሚሉት በውሉ ላይ በስማቸው እንዲጻፉ ጠይቁ። ወኪሉ በቃል «ችግር የለም» ቢላችሁ፣ ያንኑ ቃል በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አድርጉ።

ካሜራ የምታከራዩ ልጆች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ተከራይ መታወቂያ አስይዞ የወሰደውን ካሜራ ይዞ ቢሰወር፣ እናንተ «ተሰረቅሁ» ትላላችሁ፤ ሕጉ ግን ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆት በአንቀጽ 665፣ እምነት ማጉደል በአንቀጽ 675፣ አታላይነት በአንቀጽ 692 ተለያይተው ተደንግገዋል። በገዛ እጃችሁ ያስረከባችሁትን ዕቃ በተመለከተ፣ ስርቆትን ብቻ የሚሸፍን ውል ካሳ ላያስገኝላችሁ ይችላል። ዛሬ ብዙ ወጣት ብድር ገብቶ በገዛው ካሜራ ኪራይ ቤተሰብ እየደጎመ እንደሚኖር ስለማውቅ፣ ይህ ክፍተት በእጅጉ ያሳስበኛል። ኪራይ ሥራችሁ ከሆነ ለመድን ሰጪው ሳትደብቁ ንገሩት፤ ከተሰወረው እውነታ የተነሣ በኋላ ሙሉ ውሉ ሊፈርስባችሁ ይችላል።

ሌላው ዋጋ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የካሜራ ዋጋም አብሮ ወጣ። ውላችሁ ግን በድሮው ብር እንደተጻፈ ነው። ዛሬ ለመተካት 600,000 ብር የሚፈጅ ዕቃ በ300,000 ብር ብቻ መድን ገብታችሁ ከሆነ ዋጋውን በግማሽ አሳንሳችኋል ማለት ነው፤ ከዕቃው መካከል 80,000 ብር የሚያወጣ አንድ ሌንስ ቢሰረቅም በተመጣጣኝ ስሌት የሚታሰብላችሁ 40,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ እናንተ ራሳችሁ እንድትችሉት የተተወው ድርሻ ይቀነሳል። በየዓመቱ ውሉን ስታድሱ ዋጋውን እንደገና አስገምቱ፤ ካሳው በአዲስ ዕቃ ዋጋ ወይስ እርጅና ተቀንሶለት እንደሚታሰብም ጠይቁ።

ወደ ውጭ አገር ስትጓዙ መጀመሪያ የምታጣሩት የውሉ የግዛት ወሰን ኢትዮጵያ ላይ ያበቃ እንደሆነ ነው፤ ካበቃ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላይ የጠፋው የእናንተ ኪሳራ ነው። በአየር መንገድ ካሳ አትተማመኑ። በ1999 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተፈረመውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት ስምምነት ለተመዘገበ ሻንጣ በአንድ መንገደኛ የሚያስከፍለው ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ እስከ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ ይህ ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ብዙ ጊዜ የአንድ ጥሩ ሌንስ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ከዚህ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ ሻንጣውን ስታስረክቡ ልዩ ዋጋ አስመዝግባችሁ ተጨማሪ መክፈል ይኖርባችኋል። ለደረሰ ጉዳት አቤቱታ በጽሑፍ የሚቀርበው ሻንጣውን በተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ ነው። ካሜራና ሌንስ በእጃችሁ ይጓዙ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎች እንዲያውም ወደ ጭነት ክፍል እንዲገቡ አይፈቀድም። ከቦሌ ስትወጡ ዕቃውን ከነመለያ ቁጥሩ በጉምሩክ አስመዝግባችሁ ማስረጃውን ያዙ፤ ስትመለሱ ቀረጥ እንዳትጠየቁ ይረዳችኋል፤ ዕቃው ከጠፋ ደግሞ የእናንተ እንደነበር ይመሰክራል።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የአበሻ ሰርግ የምትቀርጹ ልጆቻችንም በቤት ተከራዮች ወይም በቤት ባለቤቶች መድን ላይ አትደገፉ፤ ገቢ የምታገኙበትን ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛ ገደብ ብቻ ይሸፍናል ወይም ጭራሹን ያስቀራል። ለንግድ ዕቃ የተዘጋጀ የተለየ ሽፋን ግዙ።

በመጨረሻ ማስረጃ። ብዙዎቻችን ካሜራችንን የገዛነው ከውጭ በመጣ ዘመድ እጅ ወይም ያለ ደረሰኝ ነው፤ መድን ሰጪው ደግሞ ደረሰኝ ይጠይቃል። ከሻጩ ጋር በምስክር ፊት የሽያጭ ውል ጻፉ፤ እያንዳንዱን ዕቃ ከነመለያ ቁጥሩ ፎቶ አንሡና ዝርዝሩን ከቤት ውጭ ባለ ቦታ አስቀምጡ። ቁጥሩን ሳትጽፉ ዕቃው የጠፋባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ዲጂታል ካሜራዎች የገዛ ቁጥራቸውን በሚያነሡት ፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፋሉ። ሐዋሳ ላይ የጠፋብኝን የአንዱን ካሜራ ቁጥር ያገኘሁት ከዓመት በፊት ካነሣሁት የልጄ ፎቶ ፋይል ውስጥ ነው፤ በፖሊስ መዝገብ የገባውም ያ ቁጥር ነው።